ዞሮ ያየው እስረኛ

ቅዳሜ ጠዋት ከባሕሩ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ሳየው መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ለማንም ግን አልተናገርኩም። በእኛ ሸለቆ ዝናብ የሚመኝ ጤነኛ ሰው የለም። ቤታችን ጭቃ፣ አጥራችን ጭቃ፣ ነጩ ተራራ ሥር የቆመው ዋካችንም፣ የጥንቶቹ ሞቼዎች ቤተ መቅደስ፣ ከመሠረቱ እስከ ጫፉ የጭቃ ጡብ ነው። ባሕሩ በሞቀ ዓመት ዝናቡ ይመጣና የስንት ዘመን ሥራ በአንድ ከሰዓት አጥቦት ይሄዳል። ጎረቤት ሁሉ ለቅዱሳኑ ሻማ ሲያበራ እኔ በልቤ «ቶሎ ና! ቶሎ ና!» እለው ነበር። ዝናቡ ከመጣ በዋካው ውስጥ ሥዕል ያለበት ግድግዳ እንዳይታጠብ በጡብ ይቀበራል። ግድግዳው ከተቀበረ ደግሞ የኔ ጉድ አብሮት ይቀበራል።

ስሜ ዴልፊና ሳቹን ነው። ዋካው ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሥራዬ የታመመ ሥዕል ማስታመም ነው። ከግድግዳው ሊረግፍ የደረሰውን ቀለም በመርፌ ጠብታ በጠብታ እያጠጣሁ መልሼ አጣብቃለሁ፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ እጠርጋለሁ። እዚህ ቤት አንድ የማይነካ ሕግ አለ፦ የጠፋ ነገር ጠፍቷል። ቀለሙ የለቀቀ ቦታ በተራ ጭቃ ይደፈናል እንጂ ማንም ተነሥቶ አይሥልበትም።

ይህን ሕግ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ የዶን ኤሌውቴሪዮ ሳቹን ልጅ ነኛ! አባዬ በጉብዝናው ወራት፣ ምድር ሀብቷን ትገልጣለች በሚባልበት በየስቅለቱ ቀን፣ የጥንት መቃብር እየቆፈረ ይሸጥ ነበር። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ደግሞ ቁጭ ብሎ የ«ጥንት» ማሰሮ መሥራት ጀመረ። ሠርቶ ሦስት ወር አህያ ፋንድያ ውስጥ ይቀብረዋል፣ ከዚያ አውጥቶ በእናቱ አጥንት እየማለ ለቱሪስት ይሸጠዋል። ሠፈሩ ይስቅለታል። የዋካው ኃላፊ ዶክተር ኢርማ ካሴሬስ ግን ስቀውለት አያውቁም። የቀጠሩኝ ቀን በሩ ላይ አቁመው፣ «እጅሽን እፈልገዋለሁ። የአባትሽን ሙያ ግን እዚሁ በር ላይ ትተሽ ግቢ» አሉኝ።

ሬናቶ ባሳርቴ የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ከሊማ፣ በር ከሚያስከፍት ቤተሰብ። ሥራው ሥዕሎቹን በልካቸው ስስ ፕላስቲክ ላይ መገልበጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳንቃ ላይ በሆዱ ተኝቶ ይሥላል፣ እኔ ከጎኑ በመርፌዬ አንጠባጥባለሁ። ምሳችንን በአንድ ጥላ ሥር እንበላለን፤ ስኳር ድንች እንደምወድ ስለሚያውቅ የራሱን ለኔ ይተውልኛል። ቀና ስል ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ እሱም ቀና ሲል የኔን እሱ ላይ ያገኘዋል። ቤታችን ግን አንድም ቀን ረግጦ አያውቅም። የዋካ ሰው የሐሰተኛ ማሰሮ ሠሪ ደጃፍ ላይ ከታየ ስሙ አለቀለት። እኔም ና ብዬው አላውቅም፤ ኩራት ይሁን ፍርሃት እንጃ።

ግድግዳው ላይ አሥር እስረኞች ተሥለዋል። ራቁታቸውን ናቸው፤ አንድ ገመድ አንገት ለአንገት አያይዟቸው ወደሚሠዉበት ይነዳሉ። ሁሉም ወደ ፊት ያያሉ። የሰባተኛው ፊት ብቻ አይታይም ነበር። የጥንቶቹ ግንበኞች ክፍሉን በጡብ ሞልተው ሲዘጉት የቀረ ደረቅ ጓል ተጣብቆበታል።

«ሦስት ወር ሙሉ እግራቸው ሥር ተጋድሜ አንዱ እንኳን ዞር ብሎ ‹ደህና ዋልክ?› አይለኝም» ይል ነበር ሬናቶ። «ይሄ ሰባተኛው ግን ልቡ ጥሩ ነው። ታዪያለሽ።»

እሱ እናቱን ሊጠይቅ ሊማ በሄደበት ሳምንት ጓሉን አነሣሁት። ብቻዬን ነበርኩ። ሥሩ ባዶ ነው። ጓሉን ገልብጬ ባየው አንዲት ነጥብ ቀለም የለበትም፤ ፊቱ የጠፋው ክፍሉ ከመዘጋቱም በፊት ነው። «ልቡ ጥሩ ነው» ያለውን ሬናቶን አሰብኩት። ይኼኔ ነው በር ላይ የተውኩት የአባዬ ሙያ ተከትሎኝ የገባው። ቀይ አፈር፣ ከሰል፣ ትንሽ የቁልቋል ውሃ እነሱ እንደሚቀላቅሉት ቀላቅዬ ፊቱን ሣልኩት፤ ወደ ኋላ አዙሬ፣ ሬናቶ የሚተኛበትን ሳንቃ እንዲያይ አድርጌ። በላዩ የዋካውን አቧራ ነፋሁበት። ቀልድ ነበር እኮ! ብቻውን ይመጣል፣ ያያል፣ ይስቃል፤ እኔም በእርጥብ ጥጥ ጠርጌ ክፍተቱን እንደ ሕጉ እደፍነዋለሁ። ያሰብኩት ይህን ነው።

ብቻውን አልመጣም። ዶክተር ኢርማ፣ ከሊማ የመጡ አንድ የሙዚየም እንግዳ፣ ፎቶ አንሺ ሳይቀር አብረውት ገቡ። ሬናቶ ፊቱን ሲያየው በጉልበቱ ወደቀ። ሰው ሁሉ እያየው አለቀሰ።

«ዞሯል! ዶክተር፣ ዞሮ ያያል እኮ!»

እንግዳው ከዚህ በፊት ዞሮ የሚያይ እስረኛ በየትኛውም ግድግዳ አላየሁም አሉ። ካሜራው ብልጭ አለ። ሰዎቹ ሲሄዱ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ከዚያ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ፤ እንዲህ ስል አምስት ሳምንት አለፈ። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሬናቶ ስለ እስረኛው ሊማ ሄዶ ለትልልቅ ሰዎች እንዲናገር ተጠራና ጉዞው ለእሁድ ተቆረጠ። ጥሩ ቢናገር እዚያው የሙዚየም ሥራ እንደሚሰጡት ሁሉም ያውቃል።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ የመርፌ ሳጥኔን ስከፍት ደብዳቤውን አገኘሁት።

«ዴልፊና፣ ይህ ሰው አንገቱ ታስሮ፣ ወደ ሞቱ እየሄደ፣ ከኋላው የሚወደው ሰው ስላለ ዞረ። የሣለውም ሰው እንደ ሌሎቹ አድርገህ ሣል ሲሉት እምቢ ያለ ነው። እኔ እናቴን ፈርቼ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ፊት ብቻ ሳይ ኖርኩ። ቅዳሜ ዝናቡን ፈርተን ግድግዳውን በጡብ ሳንዘጋው እናቴ ልታየው ትመጣለች። እዚያው እሱ ፊት ቆሜ እንደማገባሽ እነግራታለሁ። ድፍረቱን ያገኘሁት ከእሱ ነው። ያንቺው ሬናቶ።»

ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። የምወደው ሰው ሊያገባኝ ነው፤ ድፍረቱን ያገኘው ግን ከኔ ውሸት ነው። ብነግረው ሊማ ቀረ፣ ስሙ ቀረ፣ እኔም ቀረሁ። ባልነግረው ዝናቡ ይሸፍንልኛል፣ አገባዋለሁ፣ እሱም ዕድሜ ልኩን የሌለ ሰው ሲያመሰግን እየሰማሁ እኖራለሁ። ሐሙስም ዓርብም እህል ከአፌ አልገባ አለ።

* * *

ቅዳሜ ሃያ ሰዎች ጡብ ለመቀባበል እንደ ሰንሰለት ተሰልፈን ቆምን። ሥራው ቀላል ነው፦ ከሥዕሉ አንድ ክንድ ተርቆ አዲስ የጡብ አጥር ከታች ወደ ላይ ይነሣል፣ መሀሉ በተነፋ አሸዋ ይሞላል። ከመጀመሪያው ጡብ በፊት ሽማግሌው ግንበኛ ቶሪቢዮ እንደ ወጉ መሬቱ ላይ ቺቻ፣ የበቆሎ ጠላ፣ አፈሰሰ።

«እናት ዋካ፣ ጠጪ። አትቆጪን። እየቀበርንሽ አይደለም፣ ልብስ እየደረብንልሽ ነው» አለ፤ የተረፈውን ራሱ ጨለጠውና ወደኔ ዞረ። «አንቺ፣ ፊትሽ ምነው ኖራ መሰለ?»

«እንቅልፍ አጥቼ ነው።»

«ያሳጣሽ ያ ረጅሙ ነው?»

ሰንሰለቱ በሙሉ ሳቀ። ሬናቶ ከመወጣጫው ላይ ሆኖ ሰማና እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ዓይኑን እኔ ላይ አሳረፈ። ሁሉን ነገር የወሰነ ሰው አስተያየት ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ እሞት ነበር፤ ያን ቀን ግን አንገቴን ደፋሁ።

ጡቡ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። መጀመሪያ የእስረኞቹ እግር ጠፋ፣ ቀጥሎ ጉልበታቸው። ሰማዩ ደግሞ እየወረደ መጣ። አጥሩ ወገባቸው ላይ ሲደርስ የሬናቶ እናት ሴኞራ ሊዮኖር ገቡ። ነጭ ጫማቸውን ከጭቃው እየጠበቁ በሰንሰለቱ ዳር ሲያልፉ እኔ ጋ ቆም አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ጭቃ አቡኪ ነሽ?»

«ሥዕል አክማለሁ፣ ሴኞራ።»

«አሃ!» አሉ ጥፍሬን እያዩ። «ልጄ በደብዳቤው ሁሉ የሚያነሣት ሐኪም አንቺ ነሻ።»

ፈገግ አላሉም። የማን ልጅ እንደሆንኩም የሚያውቁ መሰለኝ። ጡቡን አሳለፍኩ።

ሬናቶ ከመወጣጫው ወርዶ የእናቱን እጅ ያዘና ሰባተኛው እስረኛ ፊት አቆማቸው። ሴትዮዋ ቀና ብለው ሲያዩት ፊታቸው ለሰለሰ። እውነቴን ነው፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያ የኔ ፊት፣ የኔ ከሰልና የኔ ቀይ አፈር፣ የእኒያን ሴት ልብ አሸነፈ። አሁን ዝም ብል ሁሉም ነገር የኔ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«እማዬ» አለ ሬናቶ፣ «እዚህ ያመጣሁሽ እስረኛውን እንድታዪ ብቻ አይደለም…»

«ሬናቶ፣ ቆይ!»

ጩኸቴ እኔኑ አስደነገጠኝ። ሰንሰለቱ ቀጥ አለ።

«አትናገር። መጀመሪያ እኔ ልናገር።»

«አንቺ ትናገሪልኝ?» አለ እየሳቀ። «እሺ፣ እንደ ወደድሽ።»

«እሱን የሣልኩት እኔ ነኝ።»

«ማንን?»

«ሰባተኛውን። ፊቱን። ጓሉን ሳነሣው ሥሩ ባዶ ነበር። አንተ እንድትስቅ ብዬ… ብቻህን የምትመጣ መስሎኝ…»

ማንም አልሳቀም። ሬናቶ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ወደኔ ዞረ፣ እንደገና ወደ ግድግዳው። ፊቱ ቀልቶ ወዲያው አመድ ሲመስል አየሁት።

«አቧራውስ? መስመሩስ? እኔ እኮ በአጉሊ መነጽር ነው ያየሁት!»

«አባዬ ነው ያስተማረኝ።»

ዶክተር ኢርማ ከአሸዋው ክምር ላይ ወርደው መጡ። ድምፃቸው ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«ጓሉ የት አለ?»

«ሳጥን ውስጥ፤ ቁጥር ለጥፌበታለሁ። ይዩት፣ ቀለም የለበትም። ምንም አላጠፋሁም፣ ዶክተር። የጨመርኩት ነው።»

«መጨመር ከማጥፋት የሚያንስ ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም።»

«ይኸዋ!» አሉ ሴኞራ ሊዮኖር። የአሁኑ እንባቸው የንዴት ነው። «የአባቷን ሥራ ነው የሠራችው! ሐሰተኛ አሳድጎ ምን ያወጣል? ልጄን በአገር ፊት መሳቂያ አደረገችው።»

ደሜ ፈላ። እኔን ይስደቡኝ፣ ልክ ናቸው። ግን አባዬን ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት…

«አባቴ ይሸጣል፣ ሴኞራ» አልኩ። «እኔ አልሸጥኩትም። ለልጅዎ በነፃ ነው የሰጠሁት።»

ዶክተር ኢርማ «ጥጥ አምጡላት» አሉ።

መወጣጫው ላይ ወጣሁ። ጥጡን አርጥቤ ከአገጩ ጀመርኩ። ቀዩ ጥጡ ላይ ወጣ፣ ቀጥሎ ጉንጩ፣ ቀጥሎ አፉ። ዓይኑን ለመጨረሻ ተውኩት። በሕይወቴ እንደሱ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም፣ ደግሜም አልሠራም፤ የሠራሁት ስለምወደው ነው፣ የምደመስሰውም ስለምወደው ነው። ዓይኑም ሄደ። ዘወር ስል ሬናቶ ከቆመበት የለም።

ዶክተር ኢርማ ከታች ቀና ብለው ያዩኝ ነበር።

«መታወቂያሽን በር ላይ አስረክቢ» አሉ። ከዚያ፣ «አሥራ ሁለት ዓመት፣ ዴልፊና» አሉኝ። ከቁጣቸው ይልቅ ይህ አንጀቴን በላው።

* * *

መታወቂያዬን ከአንገቴ እያወለቅኩ በሩ ጋ ስደርስ ሬናቶ ከዕቃ ቤቱ ወጣ። የሥዕሉን የፕላስቲክ ግልባጭ ጠቅልሎ ታቅፏል፣ በእጁ ምላጭ ይዟል። አጠገቤ ሲያልፍ ዓይኑን አላነሣም። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን ፍለጋ ቀና ይል የነበረው ሰው እንደ በሩ መቃን አለፈኝ።

በሩን ይዤ ቆሜ ሁሉንም አየሁ። ፕላስቲኩን መሬት ላይ ዘረጋ፣ በላዩ ተንበረከከ፣ የሰባተኛውን ፊት በምላጭ ይፍቀው ጀመር። ቀለሙን ብቻ እንጂ ፕላስቲኩን ሳይቆርጥ ለመፋቅ የሚገባውን ትዕግሥት አውቀዋለሁ። ያ ሁሉ ሰው ጡብ በእጁ ይዞ ይጠብቀው ነበር። ሲጨርስ ተነሣና፣

«ዶክተር፣ ሊማ ዛሬውኑ ይደወልላቸው» አለ። «ግልባጩ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሦስት ወር ስመኘው የነበረውን ነገር ሳየው መመርመር አቆምኩ። ጥፋቱ የሷ ብቻ አይደለም፤ ግድግዳው እንደ ተዘጋ እኔም መታወቂያዬን አስረክባለሁ።»

«ሬናቶ!» አሉ እናቱ። «መኪናው ይጠብቀናል። እንሂድ ከዚህ።»

«አንቺ ሂጂ እማዬ፣ ወንዙ መንገዱን ሳይዘጋው።»

«አንተስ?»

«ግድግዳው አልተዘጋም።»

የመጀመሪያው ጠብታ የዚያን ጊዜ ወደቀ። ትልቅ፣ ሙቅ ጠብታ ነው። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ አማተበ። ቶሪቢዮ ከአጥሩ ላይ ጮኸ።

«ዶክተር! መታወቂያ ማስረከቡ አያመልጥም፣ ዝናቡ ግን ቀድሞናል! አንድ እጅ ጎድሎናል። ልጅቷን ይመልሷት፤ በኋላ እንደ ፈለጉ ያባርሯታል!»

ዶክተር ኢርማ እኔን ሳያዩ እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሮጬ ቦታዬ ገባሁ። ከኔ ቀጥሎ የነበረው ሰው አሸዋ ሊያቀብል ሄዶ ነበርና ክፍተቱ ውስጥ ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ሬናቶ።

ጡቡን ሰጠሁት፣ ተቀበለኝ። ሌላ ሰጠሁት፣ ተቀበለኝ። እንዲህ ሆነን የእስረኞቹ ደረት ሄደ፣ ገመዱ ሄደ። ጣቱ ጣቴን በነካ ቁጥር ልቤ ሊወጣ ይደርሳል፤ እሱ ግን ቀጣዩን ጡብ ብቻ ይጠብቃል። ስድብ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ ወደኔ ሳይዞር፣

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«አለቀስክ። ደስ ብሎት የሚያለቅስ ወንድ አይቼ አላውቅም። ያንን ልነጥቅህ አልቻልኩም።»

«አምስት ሳምንት ሙሉ ስለዚያ ፊት ስሰብክልሽ ቁጭ ብለሽ ትሰሚኝ ነበር። ሳቅሽብኝ?»

«አንድም ቀን! እግዜር ይግደለኝ፣ ሬናቶ፣ አንድም ቀን።»

«ተናድጃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ገና ብዙ ቀን እናደዳለሁ።»

«ተናደድ። መብትህ ነው።»

ጡብ። ጡብ። ዝናቡ መጠንከር ጀመረ፤ ላይ ያሉት ሸራውን ይወጥራሉ፣ ቶሪቢዮ ይሳደባል። ፊት የሌለው እስረኛ ጭንቅላቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሬናቶ ቀና ብሎ አየው።

«ያ ዞሮ ያየኝ…» አለና የያዘውን ጡብ አሳለፈ። «አንቺ ነበርሽ ማለት ነው።»

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ፤ እሱ ግን ግድግዳውን ስለሚያይ አላየኝም። አጥሩ ጭንቅላታቸውን አለፈ፤ ለአናቱ አንድ ረድፍ ብቻ ቀረ። ግድግዳው ጠፋ፣ አሥሩም ጠፉ። ፊታችን ላይ አዲስ የጡብ አጥር ብቻ ቆመ።

«አባትሽ አሁን ቤት ናቸው?» አለኝ ድንገት።

«የት ይሄዳል በዚያ ጉልበቱ። ለምን?»

«ልጅዎን ይስጡኝ ልላቸው።»

ጆሮዬን አላመንኩትም። የያዝኩትን ጡብ ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«እናትህ መኪናው ውስጥ ናቸው፣ በመስኮት እያዩን ነው።»

«ይዩና። ቤታችሁ በፊት ለፊት በር ነው የምገባው።»

«አባዬ ጠያቂ ነው። መጀመሪያ ሥራህ ምንድነው ይልሃል።»

«ነበረኝ፣ ዛሬ አጣሁት እላቸዋለሁ።»

«የልጄስ ሥራ ቢልህ?»

«እሷም አጣች እላቸዋለሁ። አንድ ላይ ነው ያጣነው።»

ሳቄ መጣ፤ ሳቄን ሳልጨርስ እንባዬ ቀደመኝ። ቶሪቢዮ ከላይ ሆኖ «እናንተ! ጡብ መጫወቻ አደረጋችሁት እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሬናቶ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። ዝናቡ ራሴ ላይ እየወረደ፣ አልቅሼ ሳልጨርስ፣ ጡቡን አቀበልኩት።